ዝናቡን የከለከለው ሰማይ ነው፤ እህሉንስ ማን ከለከለው?

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021) ዳላስና አካባቢዋ የነበረ ኢትዮጵያዊ ያችን ሳምንት የሚረሳት አይመስለኝም። የካቲት 9 ቀን በዲ.ኤፍ.ደብሊው ኤርፖርት የተመዘገበው ብርድ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ለሰመር ሙቀት እንጂ ለእንዲህ ያለ ብርድ ያልተሠሩ ቤቶች የውሃ ቧንቧቸው እየፈነዳ ጣሪያው በነዋሪው ላይ አፈሰሰ። መብራትም ጠፋ። ለሰዓት ሳይሆን ለቀናት ጠፋ። እኛም እንጨት የሚነድበት ምድጃ ባለው አንድ ወዳጃችን ቤት አምስት ቤተሰብ ተሰብስበን አደርን። ከመካከላችን ሰባ ሰባትን በዓይናቸው ያዩ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ለረጅም ሰዓት ዝም ካሉ በኋላ፣ ‹‹ልጆቼ፣ ብርዱስ የእግዜር ነው፤ መብራቱን ግን ማን ነው የወሰደው?›› አሉ። ማናችንም አልመለስንላቸውም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው። እኔ የአየር ንብረት ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ ‹‹ዝናብ ስለጠፋ ነው›› የሚለው ቃል የስንቱን ባለሥልጣን ጥፋት ሲሸፍን እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሰማዩ ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃና የሰው ድርሻ ከየት እንደሚጀምር ለይቶ ማወቅ ለፖለቲካ ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ለይተን ለመናገር ግን በመጀመሪያ ሰማዩን ማወቅ አለብን።

ምድርን የሚያሞቀው ማን ነው? ሙቀቱንስ የሚያከፋፍለው?

ከቃላት እንጀምር። የዛሬ ዝናብ፣ የነገ ነፋስ፣ የሰኞ ብርድ የምንለው የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት የምንለው ደግሞ በአንድ አካባቢ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የታየው የአየር ሁኔታ ጠባይ ነው። ዳላስ ላይ በረዶ ጣለ ማለት የአየር ሁኔታ ነው፤ ዳላስ ሞቃት አገር ናት ማለት የአየር ንብረት ነው።

ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው የፀሐይ ሙቀት ነው። ፀሐይ የምድር ወገብን በቀጥታ ስትመታ ዋልታዎቹን ግን በጎን ነው የምታያቸው። በዚህ የተነሳ ወገቡ ላይ ሙቀት ይተርፋል፤ ዋልታው ላይ ይጎድላል። አየርና ውቅያኖስ ሥራቸው ይህን ትርፍና ጉድለት ማቻቻል ነው። የሞቀው አየር ይነሳል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ምድር ስለምትሽከረከርም ነፋሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይጠመዘዛል። ዝናብ የሚፈጥረው የአየር ክፍል በወገቡ አካባቢ ከ16 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስስ ሽፋን ነው። ውቅያኖሱ ግን ሌላ ነው። የላይኛው 3 ሜትር ገደማ የሚሆነው ውሃው ብቻ መላው ከባቢ አየር የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል። አየር ኪስ ቢሆን ውቅያኖስ ባንክ ነው ማለት ይቻላል። አየር የዛሬውን ይረሳል፤ ውቅያኖስ ግን ለወራት ያስታውሳል። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛው ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ተራራ ነፋስን ያግዳል፣ ወይም እርጥብ አየርን ወደ ላይ ገፍቶ ያዘንበዋል። ተራራ የሌለበት አገር ደግሞ በሩ ክፍት ነው።

የዳላስ ክፍት በሮች

ዳላስ በሩ በሦስት አቅጣጫ የተከፈተ ቤት ነው። በደቡብ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይልካል። በምዕራብ ከምዕራብ ቴክሳስና ከሜክሲኮ ደጋማ ምድር ደረቅና ሞቃት አየር ይመጣል። በሰሜን ደግሞ እስከ አርክቲክ ድረስ አንድም የሚያግድ የተራራ ሰንሰለት የለም። የሮኪ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለተዘረጉ ብርዱን ማገድ ቀርቶ መንገድ ያሳዩታል። ቴክሳሶች እራሳቸው ‹‹በእኛና በሰሜን ዋልታ መካከል ያለው የሽቦ አጥር ብቻ ነው›› እያሉ ይቀልዳሉ። ሕንድን ስናይ ደግሞ ሂማሊያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጋርዶ ስለቆመ የሳይቤሪያ ብርድ ዴልሂ አይደርስም። ዴልሂና ዳላስ ከወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ቢሆንም ዕጣቸው የተለያየው በተራራው ነው።

በፀደይ ወራት እነዚህ ሦስት አየሮች ሲገናኙ ውጤቱን እናውቀዋለን። እርጥቡ ሞቃት አየር ከታች፣ ደረቁ ከላይ ይሆንና እንደተከደነ ድስት ይታፈናል። ክዳኑ ሲነሳ ደመናው በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። ነፋሱ ከታችና ከላይ አቅጣጫና ፍጥነት ሲለያይ ደመናው መሽከርከር ይጀምራል፤ ቶርኔዶ የሚወለደውም ከዚህ ነው። ወቅቱንም ሁልጊዜ አያከብርም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ጋርላንድና በጎረቤቷ ሮውሌት ያለፈው ቶርኔዶ 10 ሰው ገድሏል።

የ2021ዱ ብርድ ግን ከሰሜኑ በር የገባ ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ከሰሜን ዋልታ በላይ በከፍተኛው አየር ድንገተኛ ሙቀት ተፈጠረና ብርዱን አጥሮ የሚይዘው የዋልታ አዙሪት ተዳከመ። ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ነፋስ ወደ ደቡብ ታጠፈ፤ የአርክቲክ አየርም የሚያግደው ሳያገኝ እስከ ባሕረ ሰላጤው ወረደ። ይህ የሰማዩ ድርሻ ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ከቀናት በፊት ተናግረውት ነበር።

የእኛ ደጋ፣ የእኛ ቆላ

ወደ አገራችን እንመለስ። በሐምሌ ዳላስ 40 ዲግሪ ላይ ስንቀቀል አዲስ አበባ ስንደውል ‹‹ኧረ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው›› ይሉናል። አዲስ አበባ ከዳላስ ይልቅ ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበች ከተማ አይደለችምን? ምሥጢሩ ከፍታ ነው። ወደ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አባቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ይህንኑ ሕግ ነበር የጻፉት።

ይህን ከፍታ የሰጠን የምድር ውስጥ እሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ተነባብሮ የሰሜኑን ደጋ ሠራ፤ ምድሪቱም ከሥር ተገፍታ ከፍ አለች። ቀጥሎ መሬቱ ተሰነጠቀና ስምጥ ሸለቆ ተፈጠረ። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀንና ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው የደናክል ዝቅተኛ ምድር ተገኙ። በዳሎል በ1950ዎቹ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ) የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሰው ከኖረባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው።

ክረምት የምንለው ዝናብም ከዚሁ ደጋ ጋር የተቆራኘ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ዝናብ ያዘለው ቀበቶ ተከትሏት ይወጣል። ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርም የሚመጣው እርጥበት ደጋችን ላይ ሲደርስ ይነሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ከእኛ ራስ በላይ በከፍታ ከሕንድ አቅጣጫ የሚነፍስ ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ አለ፤ እሱ ሲጠነክር ክረምታችን ይሰምራል፣ ሲላላ ይላላል። ከዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉን የሚያዋጣው ይህ የደጋችን ዝናብ ነው።

ቦረናና ሶማሌ ግን በሌላ ሰዓት ነው የሚኖሩት። ለእነርሱ ክረምት ደረቅ ወቅት ነው። ቦረናዎች ገና የሚሉት የመጋቢት–ግንቦት ዝናብና ሐጋያ የሚሉት የጥቅምት–ኅዳር ዝናብ የሕይወታቸው ሁለት እግሮች ናቸው። ሁለቱም የሚመጡት በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ‹‹የኢትዮጵያ ዝናብ›› ብሎ አንድ ነገር የለም ማለት ነው። አንዱ ጎርፍ ሲያስቸግረው ሌላው ከብቱን ይቀብራል።

ዳላስንና ቦረናን ያደረቀ አንድ ውቅያኖስ

አሁን ‹‹ያዙልኝ›› ወዳልኩት ወደ ውቅያኖሱ ባንክ እንመለስ። ፓስፊክ የምድርን ገጽ ሲሶ ያህል ይሸፍናል። በተለመደው ዓመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ እየገፋ ያከማቸዋል፤ አየሩም እዚያ ይነሳል፣ ይዘንባል። በየጥቂት ዓመታቱ ግን ነፋሱ ይደክማል። ሞቃቱ ውሃ ተመልሶ ወደ ፔሩ ይፈስሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህን ያዩት በገና ሰሞን ስለነበር በሕፃኑ በክርስቶስ ስም ኤልኒኞ አሉት። ተቃራኒው፣ ነፋሱ ከመጠን በላይ በርትቶ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ፣ ላኒኛ ይባላል።

ኤልኒኞ ሲመጣ የሚነሳው አየር ቦታውን ስለሚለውጥ ከሕንድ እስከ እኛ ደጋ ያለው አየር ወደ መውረድ ያደላል። ያ የምሥራቅ ነፋስ ይላላል፤ የሰሜኑና የመካከሉ ክረምት ይጎዳል። ላኒኛ ሲመጣ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ላይ በኃይል የተነሳው አየር በእኛ በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ዳር ይወርድና የቦረናና የሶማሌ ዝናብ ይጠፋል። ይኸው ላኒኛ በአሜሪካ በኩል ጄት ስትሪሙን ወደ ሰሜን ይገፋውና የክረምቱ ማዕበል ቴክሳስን ዘሎ እንዲሄድ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻና በ2011 የሆነው ይኸው ነው። ፓስፊክ ቀዘቀዘ። ዳላስ ውስጥ በ2011 ሰመር ሙቀቱ ለ40 ተከታታይ ቀናት 100 ዲግሪ ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ ገደማ) ደረሰ ወይም አለፈ፤ በዓመቱ በጠቅላላው 71 ቀን። የቴክሳስ ግብርና ኪሣራ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። በዚያው ወቅት ሐጋያ በቦረና፣ ዴይር በሶማሌ ምድር ቀረ፤ ቀጥሎ የመጣውም ዝናብ ከሸፈ። እኛ እዚህ በኤር ኮንዲሽን ሥር ስለ ሙቀቱ ስናማርር አንዱ ውቅያኖስ የእኛንም የእነሱንም ሰማይ እንደዘጋው ስንቶቻችን አወቅን?

ታዲያ ምን ሆነ? ቴክሳስ ውስጥ ገበሬው ከብቱን ሸጠ፣ ኢንሹራንስ ከፈለው፣ ድርቆሽ ከሌላ ስቴት ተጭኖ መጣ። በረሃብ ሞተ የተባለ ሰው አልሰማንም። ‹‹ቴክሳስ ሀብታም ስለሆነች ነው›› የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ግን ሀብት ብቻ አይደለም። በዚያው ድርቅ ኬንያም ኢትዮጵያም ሶማሊያም ተመቱ። በኢትዮጵያ 4.5 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2011) ረሃብ ያወጀው ግን በሶማሊያ ብቻ ነው። እዚያ የሚሠራ መንግሥት አልነበረም፤ አልሸባብም በያዘው ግዛት የእርዳታ ድርጅቶችን አግዶ ነበር። በኋላ በተደረገ ጥናት 260 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ሰማዩ ሦስቱን አገሮች እኩል መታ፤ ሬሳው ግን እኩል አልነበረም።

የሰው ድርሻ

የእኛው ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. የ1972 ኃይለኛ ኤልኒኞ ክረምቱን አሳነሰ፤ ወሎ ተራበ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግን ነገሩን ደበቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች አይተው ቢናገሩም የሰማ አልነበረም፤ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያንን ዘመን ሲመረምር ያገኘው የሚያሳዝን ነው። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልቀነሰም፤ ደሴ ላይ ዋጋው ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ገበሬው የሞተው መግዣ ስላጣ ነው። ሴን ነፃ ፕሬስና የሚሠራ ዴሞክራሲ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ ደርሶ እንደማያውቅ ሲጽፍ ከመረመራቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ነበረች።

በ1977ም ታሪኩ ተደገመ። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከወራት በፊት ለለጋሾች አስጠንቅቀው ነበር። ደርግ ግን መስከረም 2 ቀን 10ኛ ዓመቱን በሰልፍና በድግስ አከበረ። ጥቅምት 13 ቀን ቢ.ቢ.ሲ. ኮረምን ለዓለም አሳየ። ዝናብ የጠፋው እውነት ነው፤ የሰሜኑ ጦርነትም ገበያውንና መንገዱን ዘግቶ ነበር። የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ልናገር። እ.ኤ.አ. የ2015 ኤልኒኞ ከታወቁት ኃይለኞች አንዱ ነበር። 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት ግን አልታየም፤ ምክንያቱም መንገድ ነበር፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነበር፣ ከመንግሥት ካዝናም ገንዘብ ወጥቷል። የምንቃወመው መንግሥት የሠራውን ሠርቷል ማለት ያልሠራውን ለመጠየቅ አፋችንን ያሰፋልናል እንጂ አይዘጋብንም። በተቃራኒው በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ከ350 ሺህ በላይ ሰው በመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሲገልጹ ዋነኛው ምክንያት ጦርነት ነበር። መንግሥት ቁጥሩን አልተቀበለም።

የእናታችን ጥያቄ

አሁን የወሎዋን እናት ጥያቄ መመለስ ይቻላል። መብራቱን ማን ወሰደው? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011ም ቴክሳስ ላይ ብርድ ወርዶ መብራት ጠፍቶ ነበር። የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች በዚያው ዓመት ኦገስት ‹‹የጋዝ ጉድጓዶቻችሁንና የኃይል ማመንጫዎቻችሁን ለብርድ አዘጋጁ›› ብለው በጽሑፍ መከሩ። የሚያስገድድ ሕግ ግን አልነበረም፤ አብዛኛው ወጪውን ሸሸ። የቴክሳስ የመብራት መረብ፣ ኤርኮት የሚባለው፣ ከሌላው አሜሪካ ተነጥሎ ስለቆመም የጎረቤት ኃይል እንደልብ መበደር አልቻለም። በ2021 ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለሙ። ስቴቱ ራሱ የቆጠራቸው ሟቾች 246 ናቸው። የዚያው ስቴት ከተማ ኤል ፓሶ ግን በሌላ መረብ ላይ ናት፤ ከ2011 በኋላ ማመንጫዎቿን አዘጋጅታ ስለነበር መብራት የጠፋባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ብርዱ አንድ፣ ስቴቱ አንድ፤ የተለየው ዝግጅቱ ነው።

ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። ብርዱ ባለፈ በሳምንታት ውስጥ የኤርኮት ሥራ አስኪያጅ ተባረሩ፤ ሦስቱም የስቴቱ የመብራት ኮሚሽነሮች ከሥልጣን ለቀቁ፤ በሰኔ ወር ለብርድ መዘጋጀትን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በቂ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ጋዜጣው ጻፈ፣ ምክር ቤቱ ጠየቀ፣ ባለሥልጣኑ መልስ ሰጠ። ከወሎ እስከ ቦረና ለጠፋው ሕይወት በአገራችን እንዲህ ተጠይቆ ከወንበሩ የተነሳ ስንት ሰው እናውቃለን?

ይህን የማነሳው ወደፊት የሚመጣው ከበፊቱ ስለሚብስ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከተረፈው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ያው ባንካችን፣ ውቅያኖሱ ነው። የሞቀ አየር በእያንዳንዱ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ስለሚሸከም ድርቁም ጎርፉም ይከፋል። በላኒኛ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀረባቸው፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ያው የሶማሌ ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ኢትዮጵያ ለዚህ ጋዝ ያላት ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ዕዳው የሌሎች፣ ክፍያው የእኛ መሆኑ ግፍ ነው፤ ይህን በየአደባባዩ መናገር ይገባናል። ዳሩ ግን ‹‹የአየር ንብረት ለውጥ ነው›› የሚለው ቃል የዱሮው ‹‹ዝናብ ጠፋ›› ምትክ ሆኖ የባለሥልጣን መደበቂያ እንዳይሆን ነቅተን መጠበቅም አለብን።

ኤልኒኞና ላኒኛ ድንገት አይመጡም። ውቅያኖስ ስለሚያስታውስ ከወራት በፊት ይታያሉ፤ በአገራችንም የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በየወቅቱ ትንበያ ያወጣሉ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ‹‹ድርቅ ገባ›› ሲባል እርዳታ ከማሰባሰባችን ጎን ለጎን እነዚህን እንጠይቅ። ትንበያው መቼ ወጣ? ለማን ደረሰ? በመጋዘን ስንት እህል ነበር? ከብቱ ሥጋው ሳያልቅ እንዲሸጥ ገበያው ተከፍቶ ነበር ወይ? መንገዱን የዘጋው ማን ነው? ጋዜጠኛው ደርሶ እንዲያይ ተፈቅዶለታል ወይ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሰማይ አይደለም። ያች የወሎ እናት ይህን ያወቁት ያለ መጽሐፍ፣ ጋቢ ተከናንበው በጨለማ ውስጥ ነው።

እግዚአብሔር ለአገራችን ዝናቡን በወቅቱ፣ ተጠያቂ መንግሥትንም በዘመናችን ይስጥልን።